ጥጃ የሌላት ላም

ነገሩ የጀመረው በጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው። በ2005 ዓ.ም. ቡሌ ሆራ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። (ዕድሜያችን ገፋ ያለ ሰዎች ዛሬም አፋችን ሲያመልጠን ሀገረ ማርያም እንላታለን፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው አውራ ጎዳና 470 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የምትገኘውን ከተማ ማለቴ ነው።) የመማሪያ መጽሐፉ ምንባብ ስለሰለቸኝ፣ አዲስ አበባ ከሚታተም አንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ቆርጬ የያዝኩትን ጽሑፍ ለአሥረኛ ክፍል ልጆች አነበብኩላቸው። ጽሑፉ ስለ ቴሌ ነበር። ያን ጊዜ መንግሥት የስልኩን ሥራ ለውጭ ኩባንያ ለምን እንደማይከፍት በተጠየቀ ቁጥር ከሚሰጠው መልስ አንዱ፣ ቴሌ «ካሽ ካው» ነው፤ ከእርሱ የሚገኘው ገንዘብ ለባቡር ሐዲድ ይውላል የሚል ነበር። ሐረጉን በትልቁ ጻፍኩና ፍቺውን ሰጠሁ፦ ብዙ ሳይደከምበት ያለማቋረጥ ገንዘብ የሚያስገኝ ነገር፤ በአማርኛ «የምትታለብ ላም» እንለዋለን።

ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ከያቤሎ ወዲያ ካለ የቦረና መንደር መጥቶ ዘመዶቹ ዘንድ ተጠግቶ የሚማር፣ ክፍል ውስጥ ብዙም የማይናገር ልጅ ነበር።

«ቲቸር፣ ጥጃዋስ?» አለኝ።

«የምን ጥጃ?»

«የላሚቱ። ጥጃ ከሌላት እንዴት ትታለባለች?»

ክፍሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ፈሊጥ ቃል በቃል እንደማይፈታ፣ ላሚቱም እውነተኛ ላም እንዳልሆነች አስረዳሁና ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፍኩ። ልጁ የተቀመጠው «አልገባኝም» በሚል ፊት ሳይሆን «አልገባህም» በሚል ፊት እንደነበረ የተገለጸልኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በዚያኑ ቀን ከሰዓት በኋላ ባንክ ሄጄ እህቴ ከቤይሩት የላከችልንን ገንዘብ ተቀበልኩ። ሁለቱ ነገሮች የሚገናኙ አልመሰለኝም።

እስቲ ከፈሊጡ እንነሣ። «ካሽ ካው» ሲሰሙት የጋጣ ሽታ ያለው፣ አንድ የእንግሊዝ ገበሬ በረቱን ከፍቶ የተናገረው ይመስላል። እውቅና ያገኘው ግን ምንጣፍ በተነጠፈበት ቢሮ ውስጥ ነው። ቦስተን ከተማ ላይ ብሩስ ሄንደርሰን የሚባል ሰው የመሠረተው አማካሪ ድርጅት በ1970 እ.ኤ.አ. ገደማ ለትልልቅ ኩባንያዎች አንድ አራት ቤት ያለው ሠንጠረዥ አበጀላቸው። ኩባንያው የሚሸጣቸው ዕቃዎች ሁሉ በየቤታቸው ይመደባሉ። ገና የሚያድገውና ገበያውን የያዘው «ኮከብ» ተባለ፤ ይሁን አይሁን ያልታወቀው «ጥያቄ ምልክት»፤ ተስፋ የሌለው ደግሞ «ውሻ»። አራተኛው ቤት የላሚቱ ነው። ገበያው ማደጉን አቁሟል፣ ነገር ግን ዕቃው በብዛት ይሸጣል። ምክሩ አጭር ነው፦ ለዚች ላም ብዙ አታውጡ፤ እለቧትና ወተቷን ለኮከቡና ለጥያቄ ምልክቱ አጠጡ።

ልብ እንበል፤ በሠንጠረዡ ውስጥ ላሚቱ አለች፣ አላቢው አለ፣ ወተቱን የሚጠጡት አሉ። ሣር የለም። እረኛ የለም። ውኃ የሚቀዳበት ጉድጓድ የለም። ጥጃማ ጭራሽ አልታሰበም። የቦረናው ልጅ ሠንጠረዡን ሳያየው ጉድለቱን አየው።

ይህ አጋጣሚ አይደለም ባይ ነኝ። እንግሊዝኛ ከላሟ ጋር የተለያየው ብዙ መቶ ዓመታት ቀደም ብሎ ነው። ዛሬ እንግሊዞች ከብትን «ካትል»፣ ተንቀሳቃሽ ንብረትን «ቻትል»፣ ለንግድ የሚመደብን ገንዘብ ደግሞ «ካፒታል» ይላሉ። ሦስቱም አንድ ቃል ናቸው። አባታቸው የላቲኑ «ካፑት» ነው፤ ራስ ማለት ነው። ከእርሱ ዋናውን ሀብት የሚያመለክት ቃል ተወለደ፤ ቃሉ ከፈረንሳይ ምድር በሁለት አነጋገር ተሻግሮ አንዱ ካትል፣ ሌላው ቻትል ሆነ፤ ካፒታል ዘግይቶ በቀጥታ ከላቲኑ መጣ። ካትል መጀመሪያ ማንኛውም ንብረት ነበር፤ በኋላ በሕይወት ላሉት እንስሳት፣ ከዚያም ለበሬና ለላም ብቻ ቀረ። ሦስት ወንድማማቾች ርስት እንደሚካፈሉ ቃሉ ተከፋፈለ፤ አንዱ በረቱን፣ አንዱ ጓዙን፣ አንዱ ባንኩን ወሰደ። ባንክ የደረሰው ወንድም የመጣበትን በረት ረስቷል።

ሌሎቹም እንዲሁ ናቸው። ለአገልግሎት የሚከፈለው «ፊ» ከጥንቱ እንግሊዝኛ የከብት ስም ወርዷል ይባላል፤ የጀርመኖች «ፊህ» ዛሬም ከብት ነው። ሮማውያን ገንዘብን «ፔኩኒያ» ያሉት ከ«ፔኩስ» ነው፤ መንጋ ማለት ነው። ጥንታውያኑ ጀርመኖች በድንጋይና በእንጨት ላይ ይቀርጹት የነበረው ፊደል የመጀመሪያ ሆሄው ስሙ ከብት ነበር። እኛስ ብንሆን? አልፍ የምንለው ሆሄ የሴማውያን የበሬ ስም ነው፤ ፈረንጆች «ኤ» የሚሉትም ሆሄ ተገልብጦ የቆመ የበሬ ራስ ነው። ልጅ ፊደል ሲቆጥር የሚይዘው ቀንድ ነው ማለት ይቻላል።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በአማርኛ «የቀንድ ከብት»፣ «የጋማ ከብት»፣ «የጭነት ከብት» እንላለን። ከብት ብቻውን በሬ ወይም ላም ማለት ቢሆን ኖሮ «የቀንድ» የሚለው ባላስፈለገ ነበር። የጥንቱ ሰው ከብት ሲል ሀብት ማለቱም ነበር። ከሁሉ የሚገርመኝ ግን «ረባ» የሚለው ቃል ነው። ከብት ረባ ስንል ተዋለደ፣ በዛ ማለታችን ነው። ምክሩ ይረባል ስንል ደግሞ ይጠቅማል። አንድን ሰው «የማይረባ» ብለን ስንሳደብ፣ ሥሩን ብንቆፍረው፣ «ከአንተ የሚወለድ ነገር የለም» እያልነው ነው። የዋጋ ሚዛናችን በረት ውስጥ የተሠራ ነው። ባንክ ገብተን እንኳ አልወጣንም፦ ገንዘባችን የሚያመጣውን «ወለድ» እንለዋለን። በኦሮምኛ «ዸላ» ይባላል፤ እርሱም የተወለደ ማለት ነው። ግሪኮችም ወለድን «ቶኮስ» ብለው የልጅ ስም ሰጥተውት ነበር፤ አርስቶትል በዚሁ ቃል ተንጠላጥሎ፣ ገንዘብ ገንዘብን መውለዱ ከንግድ ሁሉ ይልቅ ከተፈጥሮ የራቀ ነው ብሎ ተከራክሯል። በኦሮምኛ «ሆሪ» ከብትም ነው፣ ሀብትም ነው፣ በአንዳንድ አገርም ገንዘብ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የእኛ ቃላት ሀብት የሚወልድ፣ የሚጠማ፣ የሚታመም፣ የሚሞት ነገር መሆኑን ገና አልረሱም። ቃላቱን የምንናገረው እኛ ግን ረስተን ይሆናል። ወደዚያ እመጣለሁ።

ያ ተማሪ ዛሬ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው። በ2015 ዓ.ም. ቡሌ ሆራ አውቶቡስ ተራ አጠገብ በድንገት ተገናኘንና ሻይ ጠጣን። ጊዜው ክፉ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ገናና ሀገያ (ቦረናዎች የበልጉንና የመጸውን ዝናብ እንዲህ ይሏቸዋል) አምስት ጊዜ በተከታታይ ከሽፈው፣ በቦረና ምድር ከብት እንደ ቅጠል የረገፈበት ዓመት ነው። የእርሱ አባት ከ60 ከብት 7 ቀርተዋቸው ነበር። ስለ ጥጃዋ ጥያቄ አነሣሁበት። ጭራሽ አያስታውሰውም! እኔ ስንት ዓመት የተሸከምኩትን እርሱ ክፍል ውስጥ ጥሎት ወጥቷል።

ቢሆንም ጥያቄውን እንደገና አስረዳኝ፤ አሁን በባለሙያ አፍ። የቦረና ላም እንደ ፈረንጅ ላም አይደለችም። ጥጃዋ ቀድሞ ካልጠባ ወተቷን አትለቅም፤ ከጥጃው አፍ ተናጥቆ ነው የሚታለበው። ለዚህ ነው በብዙ አገር ጥጃ ሲሞት ቆዳውን ገለባ ሞልተው ከላሚቱ ፊት የሚያቆሙላት። አላቢው ስንት ይተውለት የሚለው ጥያቄ በየቀኑ ማታና ጠዋት የሚነሣ ነው። ሁሉን ካለበ ጥጃው ይሞታል፤ ጥጃው ከሞተ ላሚቱ ትነጥፋለች፤ ስለዚህ ስግብግብ አላቢ የገዛ ወተቱን ነው የሚደፋው። (ይህችው ላም በኬንያ ሰፋፊ እርባታዎች «ቦራን» ተብላ ስሟን ይዛ ተሻግራለች፤ ፅንሷም በበረዶ ተይዞ እስከ አውስትራሊያ ሄዷል። ለእኛ ለአገሯ ልጆች ግን ሥጋ ቤት ካልሆነ ትዝ አትለንም።)

ከዚያ «ደባሬ» የሚባለውን ነገረኝ። የከብት ባለቤት የሆነ ሰው ለተቸገረ ዘመዱ ወይም ጎረቤቱ የምትታለብ ላም ይሰጠዋል። ተቀባዩ ወተቱን ይጠጣል፣ ልጆቹን ያሳድግበታል። ላሚቱን መጠበቅ፣ ማብላት፣ ማጠጣት የእርሱ ግዴታ ነው። የምትወልደው ጥጃ ግን የባለቤቱ ነው። ወተቱ የአንተ፣ ውልዱ የእርሱ። ይህ ደንብ ውል ላይ አልተጻፈም፤ የማያውቀው ግን የለም።

«ቡሳ ጎኖፋ» ደግሞ ከዚህ ይለያል። በድርቅ ወይም በዘረፋ ባዶ እጁን የቀረን ሰው ጎሣው ተሰብስቦ ከብት አዋጥቶ እንደገና ያቋቁመዋል፤ ይህ ብድር አይደለም፤ የተሰጠው ሰው የራሱ ነው። ስሙ ዛሬ በከተማም ይታወቃል፤ የኦሮሚያ ክልል በቅርብ ዓመታት ላቋቋመው የእርዳታ ተቋም ይህንኑ ስም ሰጥቶታል። የቦረና ሰው ቅዱስ ነው ልል ግን አይደለም። እዚያም ይሸጣል፣ እዚያም ይታለባል፤ ሃሮ በቄና ዱብሉቅ ገበያ የዋለ ሰው የቦረና ሰው ዋጋ አያውቅም ብሎ አይከራከርም። ጎሣውም ዝም ብሎ አይሰጥም፦ ከብቱን እንዴት እንዳጣ ይጠየቃል፣ ይመረመራል። በዚያ ላይ ድርቁ ሁሉን እኩል ሲመታ ሰጪና ተቀባይ ይጠፋል። «ዘንድሮ ማን ለማን ይስጥ?» አለኝ የቀድሞ ተማሪዬ።

በዚያ ዓመት የተወሰኑ ሰዎች ሌላ ላም ነበረቻቸው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ የለም። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ቦረና ውስጥ አንድ የመድን ዓይነት ይሸጣል፤ ዓለም አቀፉ የከብት ምርምር ተቋም ያሰላው፣ ኦሮሚያ ኢንሹራንስ የሚሸጠው። አሠራሩ የሞተ ከብት ቆጥሮ አይከፍልም። ከምድር በላይ የምትዞር ሳተላይት የግጦሹን ልምላሜ ትለካለች፤ አረንጓዴው ከተወሰነ በታች ሲወርድ መድን ለገዛው ሁሉ ይከፈላል። እነሆ ላም በሰማይ! ተረቱን የፈጠረው ሰው ይህን ቢያይ ምን ይል ነበር? እኔ መጀመሪያ ስሰማ ለመቀለድ ቸኩዬ ነበር። ተማሪዬ ግን አልቀለደም። ጎሣው ሁሉ ሲደኸይ ከጎሣው ውጪ የሚመጣ ገንዘብ ማስፈለጉ አይቀርም፤ በተከፈለው ገንዘብ ሣር ገዝቶ ሁለት ላም ያተረፈ ሰው እንደሚያውቅ ነገረኝ። የሚያሳስበው ሌላ ነው። ወጣቶቹ «እኔ መድን አለኝ፣ ለቡሳ ጎኖፋ ለምን አዋጣለሁ?» ማለት እንዳይጀምሩ። ጀምረዋል ወይ አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

አሁን ወደ እህቴ።

ታናሽ እህቴ ወደ ቤይሩት የሄደችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ሁለት ዓመት የሞላት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ ለእማዬ ትታት ሄደች። አባታችን ሞቷል፤ የእኔ የአስተማሪ ደሞዝ ቤት ኪራይና ጤፍ አይችልም። መጀመሪያ 100 ዶላር፣ በኋላ 150 ይከፈላት ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ለላካት ሰው ሠራች። ከዚያ ወዲያ ለ13 ዓመት የደሞዟን አብዛኛውን ላከችልን። የቤታችን ቆርቆሮ የእርሷ ነው። የእማዬ ዓይን የታከመው በእርሷ ነው። የመጨረሻው ወንድማችን ኮሌጅ ገብቶ ዲፕሎማውን፣ ኋላም ዲግሪውን የያዘው በእርሷ ነው። ገንዘቡን በየወሩ የምቀበለው እኔ ነበርኩ፤ ደረሰኞቹን በአንድ ፖስታ አጠራቅሜአቸዋለሁ። ስስ ወረቀት ስለሆነ አብዛኛው ጽሑፉ ጠፍቷል።

ስትደውል የምንላትን አስታውሳለሁ። እርሷ «ገንዘቡ ደረሰ ወይ?» ትላለች፤ እኛ «ደርሷል፣ ተባረኪ፤ በቀደም ግን ጣራው ማፍሰስ ጀመረ» እንላለን። ተባረኪ ከሚለው ቀጥሎ ሁልጊዜ «ግን» ነበር። በልተሽ ትውያለሽ ወይ ብዬ ጠይቄአት እንደሆነ አላስታውስም። የት እንደምትተኛ ያወቅሁት ከተመለሰች በኋላ ነው፤ ወጥ ቤቱ አጠገብ ካለች በረንዳ ላይ። ልጅቷን በስልክ እናቀርብላታለን፤ ልጅቷ ታፍራለች፤ ካርዱ ያልቃል።

ይህን ስጽፍ ራሴን ልዩ ክፉ አድርጌ ማቅረብ አልፈልግም፤ ያም ቢሆን አንድ ዓይነት ጉራ ነው። የሠፈራችን ግማሽ ቤት እንዲህ ነበር። «እነ እገሌ እኮ ቤይሩት ሰው አላቸው» ሲባል፣ ሰው አላቸው የሚለው ከብት አላቸው እንደማለት ነው። ቃሉን አንናገረውም እንጂ እናውቀዋለን። ያ ቦስተን የተሠራ ሠንጠረዥ እኛ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ነበር፦ ወንድማችን ኮከብ፣ እኔ ጥያቄ ምልክት፣ እህቴ አራተኛው ቤት ውስጥ። ብዙ አይወጣባትም፤ ትታለባለች፤ ወተቱ ለኮከቡ ይሄዳል።

በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ወደቀ። ቀጣሪዎች የሚከፍሉት ዶላር ሲያጡ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ከነሻንጣቸው ቆንስላው ደጃፍ ላይ እየጣሉ ሲሄዱ ዓለም በቴሌቪዥን አይቷል። ሐምሌ 28 ቀን የቤይሩት ወደብ ፈነዳ። እህቴ መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ በአንድ ሻንጣና በተቃጠለ እጅ ተመለሰች። እጇ የተቃጠለው በፍንዳታው አይደለም፤ ከዚያ በፊት በዘይት ነው፤ አልነገረችንም ነበር። ልጇ 16 ዓመት ሊሞላት ነው። እማዬን «እማዬ» ትላለች፤ እናቷን እንደኛ በስሟ ትጠራታለች።

አንድ ወር ያህል ተኛች። አንድ ማታ ቡና እየተፈላ እያለ፣ ቁጣ በሌለው ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ለእኔ ምን አስቀመጣችሁልኝ?» አለችኝ። እኔ ወንድማችን ስለደረሰበት ደረጃ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ እማዬ ዓይን መናገር ጀመርኩ። «እሱን አውቃለሁ፤ ለእኔ ነው ያልኩህ» አለች። ቤቱ በእማዬ ስም ነው። ባንክ ውስጥ የቀረ የለም። ፖስታውን አምጥቼ ደረሰኙን አሳየኋት። ምን ልታደርግበት እንደሆነ አላውቅም፤ እኔም አላውቅም። አንዱን ብርሃን ላይ ይዛ አየችውና መለሰችልኝ።

ስለ ደባሬ የሰማሁት ከዚያ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። አውቶቡስ ተራው አጠገብ ሻዬ ቀዝቅዞ ተቀምጬ «ወተቱ የአንተ፣ ውልዱ የእርሱ» ሲለኝ መጀመሪያ የታየኝ የወንድሜ ዲግሪ ነው። እኛ ወተቱን ጠጥተን ብቻ አልቀረንም። ጥጃውንም የራሳችን አድርገናል፤ የገዛ ልጇን ሳይቀር።

ቤተሰቡን ሰበሰብኩና በቤቱ አውራ ጎዳናውን የሚያዩት ሁለት ክፍሎች በእህታችን ስም ይዛወሩ አልኩ። እማዬ ወዲያው እሺ አለች። የተቃወመው ወንድማችን ነው፤ ሐዋሳ በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነው። ሙግቱን ሳላዛባ ላቅርበው፤ ምክንያቱም ስስት ብቻ አልነበረም። «ጋሼ» አለኝ፣ «እርሷ ብድር ብላ አልሰጠችንም። ወዳን ነው የሰጠችን። ዛሬ ይሄን ያህል ላከች፣ ይሄን ያህል ይመለስላት ብለን ከቆጠርን ስጦታዋን ዕዳ አደረግነው። ዕዳ የከፈለ ሰው ነፃ ነው፤ እኔ ከእርሷ ነፃ መሆን አልፈልግም። እስከምሞት ባለውለታዋ ነኝ።»

ንግግሩ ያምራል። ብዙ ቀን አስቤበታለሁ፤ እውነትም አለበት። ስጦታን በሒሳብ መዝገብ ማስገባት ያረክሰዋል። እናት ላጠባችው ደረሰኝ አትቆርጥም። ከእህቱ ጋር ሒሳብ ዘግቶ «ተለያየን» የሚል ወንድም፣ ጭራሽ ካልከፈለው የከፋ ሊሆን ይችላል። ይሁንና አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። «እስከምሞት ባለውለታዋ ነኝ» የሚለው ሰው ባለፉት ሦስት ዓመታት አንድ ጊዜ እንኳ ለእርሷ ገንዘብ አልላከም። ውለታ ከሒሳብ በላይ ነው ሲባል ብዙውን ጊዜ ከሒሳብ በታች ሲሆን አይቻለሁ። የማይቆጠር ነገር የማይከፈል ነገር ይሆናል፤ ለማይከፍለው ወገን ይህ እጅግ ምቹ ነው። የደባሬ ደንብ ያስቀናኝ እዚህ ላይ ነው። ላሚቱን የሚሰጠው ሰው በዘመድነት፣ በርኅራኄ ነው የሚሰጠው፤ ግን ውልዱ የማን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም። ፍቅርና ቆጠራ እዚያ አልተጣሉም። ልጅነታችን ላይ የሰማነው የላሜ ቦራ ተረትም ላሚቱ ለሙት ልጆቹ ስትል የሆነችውን ሁሉ ይተርካል። ለላሚቱ ግን ማን ሣር አጨደላት? ይህን አንድም ቀን ጠይቀን አናውቅም።

ወንድሜ የእኔንም ጉድ አላለፈውም። «አንተስ?» አለኝ። «ገንዘቡን የምትቀበለው አንተ ነበርክ። በየወሩ ሃምሳ ብር ብታስቀምጥላት ኖሮ ዛሬ ይህ ስብሰባ ባላስፈለገ ነበር።» መልስ አልነበረኝም። ደግሞ የሒሳብ ሰው ነውና በሃምሳ ብሩ ላይ ወለዱን አስልቶ ነገረኝ።

ቴሌም ቢሆን ዛሬ ብቻውን አይደለም፤ በ2013 ዓ.ም. ሳፋሪኮም ፈቃድ አግኝቶ ገብቷል፣ «የምትታለብ ላም» የሚለውም ንግግር ቀዝቅዟል። እዚህ ደቡብ ውስጥ ግን ላም ፍለጋው አልቀዘቀዘም። አሁንም በየሠፈሩ ደላላ አለ፤ አሁንም ገና ጡት ያልተወ ልጅ ያላት ሴት ፓስፖርት ታወጣለች። አንዷ ባለፈው ዓመት ልትሄድ ስትል እህቴ ዘንድ ምክር ልትጠይቅ መጣች። እህቴ አትሂጂ አላለቻትም። የጠየቀቻት «የባንክ ደብተሩ በማን ስም ነው የሚሆነው?» ብቻ ነው።

ሽማግሌዎች ፊት ወረቀቱ ተጻፈ። ወንድማችን ከሐዋሳ መጥቶ ፈረመ። አልተስማማም፤ ግን ፈረመ። እህቴ አንዱን ክፍል ለጫማ ነጋዴ አከራየችው፤ በሌላው ሻይ ቤት ከፈተች። ወደ ሞያሌ የሚወርዱ የአይሱዙ ሾፌሮች ማለዳ እዚያ ይቆማሉ። ልጇ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ታግዛት ነበር፤ አሁን ዲላ ትማራለች፣ በየሳምንቱ ትደውላለች። ዛሬም በስሟ ነው የምትጠራት።

ባለፈው ሳምንት ጠዋት ጎራ ብዬ አንድ ሻይና አንድ ፓስቲ አዘዝኩ። ድሮ ቢሆን ኖሮ ገንዘብ ላውጣ ብል ትቆጣኝ ነበር። ሃምሳ ብር ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። መሳቢያዋን ከፍታ፣ በተቃጠለው እጇ እየቆጠረች፣ መልሱን ሳታጎድል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችልኝና ለቀጣዩ ሰው ለመቅዳት ዞረች።